«ሮምን ያዳናት አንድ ሰው ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ርእሱ «ሮምን ያዳናት አንድ ሰው ነው» ይላል። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣል። ያነበቡ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ግን ስጨርሰው ልቤ ተረበሸ። በስልክ ሁለት ቃል ተናግሬ ላልፈው አልቻልኩም፤ ቁጭ ብዬ መጻፍ ያዝኩ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የሮም ሪፐብሊክ በእርስ በርስ ጦርነት አልቆለት ነበር። የመጀመሪያው ቄሣር አውግስጦስ መጥቶ ከእሳት አወጣው። ሰላም አመጣ። እሱና ተከታዮቹ ሕዝቡን አበሉ፣ ሕግን ለሁሉም አዳረሱ። እነ ካሊጉላና ኔሮን ነገሩን ያበላሹት እብዶች ስለነበሩ ነው፤ አገዛዙ ግን ጥፋት የለበትም። ማሰሪያው ደግሞ «ሕዝብ ከምርጫ ይልቅ ዳቦ ይፈልጋል» የሚል ነው።

በየተራ ልመልስ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቄሣሮቹን ስም በተቻለኝ መጠን ከመጽሐፍ ቅዱስ እንደለመድነው እጽፈዋለሁ።

«አውግስጦስ ሪፐብሊኩን ከእሳት ያወጣ ሰው ነው»

እሳቱ እውነት ነው። የጦር አዛዦቹ ማሪየስና ሱላ ተፋጁ። ቀጥሎ ጁሊየስ ቄሣርና ፖምፔ ተዋጉ። ጣሊያን ውስጥ ልጁን ያልቀበረ ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ጸሐፊው እዚህ ላይ አላጋነኑም። የዘለሉት ነገር ቢኖር፣ እሳቱን ካቀጣጠሉት እጆች አንዱ የአውግስጦስ መሆኑን ነው።

ያኔ ስሙ ኦክታቪያን ነበር። በ43 ቅ.ል.ክ. ገና 20 ዓመት ሳይሞላው ጦሩን ይዞ በገዛ ከተማው በሮም ላይ ዘመተ። ሴኔቱ፣ ማለትም የሮም መኳንንት ሸንጎ፣ ከሠይፍ በታች ሆኖ ቆንስል አደረገው፤ ቆንስል የሪፐብሊኩ ከፍተኛ ሹም ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጦር አዛዦቹ ከማርክ አንቶኒና ከሌፒደስ ጋር ተስማማና ሦስቱ የሞት ዝርዝር አወጡ። ስሙ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈን ሰው የገደለ አይጠየቅም፤ እንዲያውም ይሸለማል። የሟቹ ንብረት ይወረሳል። ባሪያ ጌታውን ካጋለጠ ነፃ ይወጣል። በመቶ የሚቆጠሩ የሴኔት አባላትና ብዙ ባለጸጎች ያለ አንዳች ችሎት አለቁ።

ከእነዚህ አንዱ ሲሴሮ ነበር። ሮም ካፈራቻቸው ተናጋሪዎች እሱን የሚያህል የለም። በሴኔት ቆሞ ወጣቱን ኦክታቪያንን ያወደሰ፣ ሥልጣን ይሰጠው ብሎ የተከራከረለት እሱ ነው። ጠላቱ አንቶኒ ነበር። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደጻፈው ኦክታቪያን ስለ ሲሴሮ ሁለት ቀን ተሟገተ፤ በሦስተኛው ቀን አሳልፎ ሰጠው። ሽማግሌው አገልጋዮቹ ተሸክመውት ወደ ባሕሩ ሲሸሽ ወታደሮች ደረሱበት። ጭንቅላቱና እጁ ተቆርጠው ሮም መጡ። የተሰቀሉት እሱ ራሱ ቆሞ ሕዝቡን ያናግርበት በነበረው መድረክ ላይ ነው።

አውግስጦስ ካረጀ በኋላ የሠራውን ሁሉ በራሱ አንደበት አስጽፏል። ቅጂው እስከ ዛሬ አንካራ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በላቲንና በግሪክ ተቀርጾ ይታያል። ያሸነፋቸውን ጦርነቶች፣ ያሠራቸውን ሕንፃዎች፣ ለሕዝቡ ያደለውን ገንዘብ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ስለ ሞት ዝርዝሩ አንዲት ቃል የለችበትም። የጸሐፊው አውግስጦስ የዚያ ግድግዳ አውግስጦስ ነው። የሲሴሮ ቤተሰብ የሚያውቀው ግን ሌላ ሰው ነበር።

«ሰላሙን ማንም አይክደውም»

እኔም አልክደውም። ሮም ውስጥ ያኑስ የሚባለው ጣዖት ቤተ መቅደስ በር በጦርነት ጊዜ ይከፈታል፣ ሰላም ሲሆን ይዘጋል። ከአውግስጦስ በፊት በነበረው ታሪክ ሁሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ተዘግቷል። በእሱ ዘመን ሦስት ጊዜ ተዘጋ። ለሮም ነጋዴ፣ ለጣሊያን ገበሬ፣ ሦስት ልጅ ለጦርነት ለሰጠች እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰላሙ የማን ነበር?

የገና ሰሞን ከሉቃስ ወንጌል የሚነበበውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ከአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ወጣች ይላል። ሰው ለምን ይጻፋል? ግብር እንዲከፍል ነው። ይሁዳ እ.ኤ.አ. በ6 በቀጥታ ከሮም በሚላክ ገዥ ሥር ስትገባ ምዝገባ ተደረገ፤ የገሊላው ይሁዳም አመፀ። የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ይህን ሰው ጠቅሶታል። ከ60 ዓመት በኋላ የአገሩ ሰው ቁጣ ገንፍሎ ጦርነት ሆነ። በ70 የሮም ጦር አዛዥ ጥጦስ ኢየሩሳሌምን አቃጠለ፤ ቤተ መቅደሱ ፈረሰ። አይሁድ ለቤተ መቅደሳቸው ይከፍሉት የነበረውን ዓመታዊ ገንዘብ ከዚያ በኋላ ለሮሙ ጣዖት ለጁፒተር እንዲከፍሉ ተገደዱ። ይህንንም «የሮም ሰላም» ዘመን ብለን ነው የምንጠራው።

ወደ ብሪታንያ እንሂድ። አይሴኒ የሚባል ሕዝብ ነበር። ንጉሣቸው ፕራሱታገስ የሮም ወዳጅ ነበር። ሲሞት ቤተሰቡን ያተርፍልኛል ብሎ ኔሮንን ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ወራሽ አድርጎ ተናዘዘ። አላተረፈለትም። የሮም መቶ አለቆች ግዛቱን እንደ ምርኮ በዘበዙት። መበለቲቱ ቡዲካ ተገረፈች። ልጆቿ ተደፈሩ። ወዳጅ የነበረ ቤት ነው ይህ የተደረገበት።

ቡዲካ በ60 ወይም በ61 ሕዝቧን አስነሥታ ሦስት ከተሞችን አቃጠለች፤ አንዷ ለንደን ናት። የሮሙ ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ የሟቾቹን የሮም ሰዎችና አጋሮቻቸውን ቁጥር 70,000 ያደርሰዋል። ከዚያም በመጨረሻው ውጊያ የእሷ ወገን በገፍ አለቀ። ዛሬ ለንደንና ኮልቼስተር ውስጥ ለሕንፃ መሠረት ጠለቅ ብሎ ሲቆፈር በእሳት የቀላ አፈር ይወጣል። ያ አፈር የዚያ ዓመት ነው።

የእኛው ሉቃስ ደግሞ ሌላ ቦታ ህንደኬ የምትባል የኢትዮጵያ ንግሥት ባለሟል የሆነ ጃንደረባ እንዳለ ይነግረናል። ህንደኬ የአንዲት ሴት ስም አልነበረም፤ የኩሽ ንግሥቶች ማዕረግ ነው። መናገሻቸው ሜሮዌ በዛሬዋ ሱዳን ነበረች። በ20ዎቹ ቅ.ል.ክ. ዓመታት የኩሽ ጦር ወደ ደቡብ ግብጽ ዘልቆ የአውግስጦስን ሐውልቶች ገነደሰ። የሮም ጦር አጸፋውን መልሶ የኩሽን ከተማ ናፓታን አጠፋ። ከዚያ የኩሽ መልእክተኞች ሳሞስ ደሴት ድረስ ሄደው ከአውግስጦስ ጋር ተነጋገሩ፤ ተጥሎባቸው የነበረውንም ግብር አስነሡ።

በ1910 ሜሮዌ ውስጥ ቁፋሮ ሲደረግ ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር አንድ የነሐስ ራስ ተገኘ። አውግስጦስ ነው። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ዓይኖቹ ከመስታወትና ከድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ እስካሁን ፍጥጥ ብለው ያያሉ። ወደዚያ ቤተ መቅደስ የሚገባ ሁሉ ያንን ራስ እየረገጠ እንዲያልፍ ሆን ብለው ነው የቀበሩት። ጸሐፊው «ዓለም በደስታ የተቀበለው ሰላም» ብለው ሲጽፉ እኔ የታየኝ ያ ደረጃ ነው።

«ሕዝቡን ያበሉት ቄሣሮች ናቸው»

ይሄኛው በቀጥታ ስሕተት ነው። ለሮም ዜጎች ስንዴ በርካሽ እንዲሸጥ ሕግ ያወጣው በሕዝብ የተመረጠው ሹም ጋይዮስ ግራኩስ ነው። ዘመኑ 123 ቅ.ል.ክ. ነው፤ ሕጉ የጸደቀውም በሕዝብ ጉባኤ ድምፅ ነው። በነፃ ይሰጥ የተባለው ደግሞ በ58 ቅ.ል.ክ. ነው። ሁለቱም የመጡት ጸሐፊው «ትርምስ» ብለው ባለፉት በሪፐብሊኩ ዘመን ነው። አውግስጦስ የተሠራ ቤት ነው የወረሰው። እሱ ያደረገው የተቀባዮቹን ዝርዝር 200,000 ገደማ ላይ ማቆም ነው። የከተማዋ ነዋሪ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር ተብሎ ይገመታል። ራሽኑን የሚወስዱት ወንድ ዜጎች ናቸው። ባሪያ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከሌላ አገር የመጣም የለም።

ስንዴው ከየት ይመጣል? ብዙው ከሰሜን አፍሪካና ከግብጽ ነው። አውግስጦስ ግብጽን እንደ ግል ርስቱ ያዛት። የሴኔት አባል ያለ እሱ ፈቃድ እንዳይረግጣት ከለከለ፤ ግብጽን የያዘ የሮምን ጉሮሮ እንደያዘ ያውቃልና። የግብጹ ገበሬ ስንዴውን ካስረከበ በኋላ ሌላ ዕዳ ይጠብቀዋል። ወንድ ልጅ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ የነፍስ ወከፍ ግብር ይከፍላል። ግብሩ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ መንደራቸውን ጥለው የጠፉ ሰዎች ስም የሰፈረበት የኔሮን ዘመን ፓፒረስ ተገኝቷል። አስቡት፤ ግብር ሰብሳቢው ቁጭ ብሎ የጠፉትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየጻፈ። የሮም ዳቦ ዋጋ ያ ወረቀት ላይ አለ።

ደግሞ ዳቦው ሁልጊዜ አይደርስም። በ51 ስንዴ ጠፋ። ከተማዋ የቀራት የ15 ቀን ቀለብ ነበር። ሕዝቡ የጊዜውን ቄሣር ቀላውዴዎስን አደባባይ ላይ አገኘው። ከበቡት፣ ሰደቡት፣ የደረቀ የዳቦ ቁራሽ ወረወሩበት። በጓሮ በር ነው ወደ ቤተ መንግሥቱ ያመለጠው።

ቀላውዴዎስን ልበድለው አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጣረ። በክረምት ስንዴ ለሚያመጡ ነጋዴዎች መርከባቸው ቢሰምጥ ኪሳራውን እችላለሁ አላቸው። ለሮም ቅርብ በሆነችው የባሕር ዳር ከተማ በኦስቲያ አጠገብ ያሠራው ትልቅ ወደብ ከተማዋን ለብዙ ዘመን ጠቅሟል። ሥራው ጥሩ ነው። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። በግራኩስ ጊዜ የራበው ሰው ጉባኤ ገብቶ ድምፅ ሰጥቶ ሕግ ያወጣ ነበር። በቀላውዴዎስ ጊዜ የራበው ሰው የቀረው አማራጭ ቁራሽ አንሥቶ መወርወር ነው።

«ሕግን ለሁሉም አዳረሱ»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሐዋርያው ጳውሎስን ምስክር ይጠራሉ። ጳውሎስ የሮም ዜጋ በመሆኑ ከግርፋት ድኗል፤ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሎም ሮም ተልኳል። እውነት ነው። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጳውሎስን ያሰረው ሻለቃ ዜግነቱን በብዙ ገንዘብ እንደገዛው ራሱ ይናገራል። ጳውሎስ ከመገረፍ የተረፈው ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ዜጋ ስለሆነ ነው። ይግባኝ ያለበት ቄሣር ደግሞ ኔሮን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጳውሎስ ሮም ውስጥ በዚያው በኔሮን ዘመን አንገቱን እንደተቀላ ይነግረናል።

በ14 በተደረገው ቆጠራ የተመዘገቡት ዜጎች 4,937,000 ነበሩ። የግዛቱ ሕዝብ ግን ከ50 ሚሊዮን በላይ እንደነበር ይገመታል። አብዛኛው ሰው ዜጋ አልነበረም ማለት ነው። የቀረው ሕዝብ የሚዳኘው እንደ ጲላጦስ ባለ አገረ ገዥ ነው።

ከዜጋ በታች ያለው ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር በ61 ሮም ከተማ ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ያሳያል። ፔዳኒየስ ሴኩንደስ የከተማዋ ሹም ነበር። አንድ ባሪያው ገደለው። ያኔ በነበረው ሕግ፣ ጌታ በቤቱ ከተገደለ ከአንድ ጣራ ሥር ያሉት ባሪያዎች ሁሉ ይገደላሉ። በዚያ ቤት 400 ባሪያዎች ነበሩ። ሴቶች አሉበት። ልጆች አሉበት። አብዛኞቹ ስለ ግድያው የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

የሮም ሕዝብ ይህን ሲሰማ ወጣ። የወጣው ተራው ሰው ነው። ብዙዎቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ወይም የባሪያ ልጆች ነበሩ። ሴኔቱን ከበቡ። ውስጥ ክርክር ተደረገ። ካስየስ የሚባል የሕግ አዋቂ ተነሥቶ «ፍርሃት ካልሆነ ይህን ሕዝብ የሚገዛው ምንም የለም» በሚል መንፈስ ተናገረ። ይሙቱ ያሉት አሸነፉ። ሕዝቡ ድንጋይና ችቦ ይዞ መንገዱን ዘጋ። ኔሮን ሕዝቡን በአዋጅ ገሠጸና ሰዎቹ ወደ ሞት የሚሄዱበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በወታደር አጠረው። 400ዎቹ በዚያ መሐል አለፉ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚነካው ያ ሕዝብ ነው። ጸሐፊው ዳቦ ካገኘ ዝም ይላል ያሉት ሕዝብ ማለት ነው። ለማያውቃቸው ባሪያዎች ብሎ ድንጋይ አነሣ።

ሕጉ ቄሣሩንስ ይነካል? በኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። ሮማውያን ይህንኑ በነሐስ ጽፈውታል። በካፒቶሊን ሙዚየም አንድ ትልቅ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ ቬስፓስያን በ69 መጨረሻ ሲነግሥ የወጣ ሕግ ነው። ለአገር ይጠቅማል ብሎ ያመነበትን ሁሉ ማድረግ ይችላል ይላል። አውግስጦስ፣ ጢባርዮስና ቀላውዴዎስ ካልታሰሩባቸው ሕጎች እሱም ነፃ ነው ይላል። «ይጠቅማል» የሚለው እሱ ራሱ ነው። አይጠቅምም የሚል ቢነሣ ወዴት ሄዶ እንደሚከስ በቀረልን ጽሑፍ ላይ የለም።

«ካሊጉላና ኔሮን እብዶች ስለነበሩ ነው»

ዋናው ያለመግባባታችን እዚህ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ከዝርዝሩ ነጥለው «ክፉ አጋጣሚ» ይሏቸዋል። እስቲ እንዴት ወንበሩ ላይ እንደወጡ እንይ። ካሊጉላ ሲነግሥ 24 ዓመቱ ነበር። ኔሮን 16 ዓመቱ። አንዳቸውም ጦር አልመሩም፣ ግዛት አላስተዳደሩም። ብቃታቸው ከአውግስጦስ ደም መወለዳቸው ነው። ካሊጉላ የልጅ ልጁ ልጅ ነው፤ ኔሮን ደግሞ ከዚያ አንድ ትውልድ ዝቅ ይላል። አውግስጦስ «እኔ ንጉሥ አይደለሁም» ይል ስለነበር የአልጋ ውርስ ሕግ ማውጣት አልቻለም። ምርጫውንም ባዶ አደረገው። ስለዚህ እሱ ሲሞት ማን ይተካ የሚለው ጥያቄ የቤተ መንግሥት ጓዳ ጉዳይ ሆነ።

ደግሞ ችግሩ ከካሊጉላ በፊት ጀምሯል። አውግስጦስን የተካው ጢባርዮስ እብድ አልነበረም። ልምድ ያለው የጦር አዛዥ፣ ገንዘብ የሚቆጥብ አስተዳዳሪ ነበር። በእሱ ዘመን ነው ክብር ዘበኛው ከየቦታው ተሰብስቦ ሮም ውስጥ በአንድ ሰፈር የሰፈረው። አዛዡ ሴያኑስ ነበር። ጢባርዮስ ወደ ካፕሪ ደሴት ሄዶ ሲቀመጥ ከተማዋ በሴያኑስ እጅ ወደቀች።

የጆሮ ጠቢ ዘመን ያኔ ነው የከፋው። የቄሣርን ክብር ነክቷል ብሎ ሰው የከሰሰ፣ ተከሳሹ ከተፈረደበት ከንብረቱ ሩቡን ያገኛል። ክስ እንጀራ ሆነ ማለት ነው። በግብዣ ላይ የተወራ ቃል ፍርድ ቤት ይመጣል። ጓደኛ ጓደኛውን ይፈራል።

ክሬሙቲየስ ኮርደስ ታሪክ ጸሐፊ ነበር። በ25 ተከሰሰ። ወንጀሉ ምንድን ነው? በጻፈው ታሪክ ከጁሊየስ ቄሣር ገዳዮች ብሩተስን አመስግኗል፣ ካስየስን (የሕግ አዋቂው ካስየስ አይደለም) «የመጨረሻው ሮማዊ» ብሎታል። ሁለቱም ከሞቱ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሰውየው ራሱን ተከላክሎ ተናገረ፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ምግብ አልበላም ብሎ ሞተ። መጻሕፍቱ እንዲቃጠሉ ተፈረደ። ሴት ልጁ ማርሲያ ግን ቅጂ ሸሽጋ አተረፈች። አባቷ በረሃብ ሲሞት ያየች ልጅ፣ ብትያዝ ምን እንደሚደርስባት እያወቀች፣ ያንን ጥቅል ደብቃ ዓመታት አሳለፈች። መጽሐፉ እንደገና እንዲነበብ የፈቀደው ማን መሰላችሁ? ካሊጉላ ነው፤ ገና እንደነገሠ። «ጤነኛው» ቄሣር ያቃጠለውን «እብዱ» ቄሣር ፈቀደው። ታዲያ የአንድን ሰው ጠባይ ብቻ ይዘን ይህን ዘመን እንዴት እንረዳዋለን?

በጃንዋሪ 41 የክብር ዘበኛ መኮንኖች ካሊጉላን ገደሉት። ሚስቱንም ሕፃን ልጁንም አልማሩም። ሴኔቱ ተሰብስቦ ሪፐብሊኩን እንመልስ ወይ ብሎ ተወያየ። በዚያ ምሽት ቆንስሎቹ ለጥበቃ የሰጡት የይለፍ ቃል «ነፃነት» የሚል ነበር። እነሱ ሲወያዩ አንድ ወታደር ቤተ መንግሥት ውስጥ ከመጋረጃ ሥር እግር አየ። ገለጠው፤ ቀላውዴዎስ ፈርቶ ተደብቆ ነበር። ወደ ሰፈራቸው ወሰዱት። እሱም ለእያንዳንዱ ዘበኛ 15,000 ሴስተርስ የሚባለውን የሮም ገንዘብ ቃል ገባ። ያ የአንድ ተራ ሌጌዎን ወታደር ከ16 ዓመት በላይ ደመወዝ ነው። በማግስቱ የሴኔቱ ውይይት አበቃ።

ቀላውዴዎስን ማን መረጠው? ሕዝቡ አይደለም፤ ሴኔቱም አይደለም። የታጠቀና ገንዘብ የተቀበለ ሰው ነው። ቀጣዮቹም ይህን አልረሱም። በ69 በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ቄሣሮች ተፈራረቁ። ጣሊያን ውስጥ ሮማዊ ሮማዊን ገደለ፤ ክሬሞና ተዘረፈች፤ ሮም ውስጥ የካፒቶል ቤተ መቅደስ ተቃጠለ። ሰው ነፃነቱን የሰጠው የእርስ በርስ ጦርነት እንዲቀርለት ነበር። ጦርነቱ ቤቱ ድረስ ተመልሶ መጣ። ከአውግስጦስ በኋላ ከጢባርዮስ እስከ ዶሚሽያን ድረስ አሥር ቄሣሮች ነገሡ። ስድስቱ በሰው እጅ ወይም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከአሥር ስድስት ሲሆን አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብደኛል። ክፉን ገዥ ከወንበር የሚያወርዱበት ሕጋዊ መንገድ ስላልነበረ ጩቤ ብቻ ቀረ።

ለዚህ አገዛዝ ደግ ሥራ የለውም አላልኩም። አውግስጦስ ለሮም የእሳት አደጋ ዘበኞች አቋቁሟል። የተሰናበተ ወታደር ጡረታ የሚያገኝበትን ግምጃ ቤት ከፍቷል፤ ያም ብዙ ደም አስቀርቷል። ውሃው፣ መንገዱ፣ ወደቡ በዓይን የሚታይ ነው። ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች በቀላውዴዎስ ቤተ መንግሥት የአገር ገንዘብ እስከ መያዝ ደርሰዋል። ይህን የጻፉት ልክ ነው።

«ሕዝብ ከምርጫ ይልቅ ዳቦ ይፈልጋል»

ማስረጃቸው ይህ ነው። ጢባርዮስ በ14 ሥልጣን ሲይዝ የሹማምንት ምርጫ ከሕዝቡ ጉባኤ ተወስዶ ለሴኔቱ ተሰጠ። ሕዝቡ ትንሽ ከማጉረምረም በቀር ምንም አላለም። ታሲተስ እንደዚያ ጽፏል፤ ጸሐፊው አልዋሹም። ግን ታሲተስ እዚያው አካባቢ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሪፐብሊኩን በዓይኑ ያየ ስንት ሰው ቀርቶ ነበር? በሕይወት ካሉት አብዛኞቹ የተወለዱት ከአውግስጦስ ድል በኋላ ነው። የጉባኤው ምርጫም ቢሆን ማን እንደሚያልፍ አስቀድሞ የሚታወቅበት ሆኖ ዓመታት አልፈውታል። እንዲህ የተመናመነ ነገር ሲወሰድ ሰው ባይጮህ፣ ምርጫ አይፈልግም ብዬ አልፈርድበትም።

ምርጫ እውነተኛ ሆኖ በቀረበት ቦታ ግን ሰዉ ምን ያደርግ ነበር? ይህን የምናውቅበት አንድ ከተማ አለ፤ ፖምፔይ። በ79 ቬሱቪየስ ፈንድቶ በአመድ ቀበራት። ትንንሽ ከተሞች የገዛ ሹሞቻቸውን በየዓመቱ ይመርጡ ነበር። ፖምፔይ ስትቆፈር በየመንገዱ ግድግዳ ላይ በቀለም የተጻፉ የምርጫ ማስታወቂያዎች ወጡ። ከ2,000 በላይ ናቸው። በቅሎ ነጂዎቹ እገሌን ምረጡ ይላሉ። ወርቅ አንጥረኞቹ በአንድነት ሌላውን ይደግፋሉ። ፍራፍሬ ሻጮቹም የራሳቸው ሰው አላቸው። ድምፅ የሌላቸው ሴቶች ሳይቀሩ ስማቸውን ጽፈው ለሚደግፉት ሰው ይቀሰቅሳሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ሮም ከተማ ውስጥ የሕዝብ ምርጫ ከቀረ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

ለእህቴ ልጅ የአንዱን ግድግዳ ጽሑፍ ትርጉም ላክሁለት። ጋይዮስ ዩልዮስ ፖሊቢዮስ የሚባል ሰው የገበያና የመንገድ ሹም ለመሆን ይወዳደራል። የጻፈለት ሰው ስሙን ጠርቶ ምረጡት ብሎ ይለምናል። ከዚያ ምክንያቱን በሦስት የላቲን ቃላት ያስቀምጣል፤ «ጥሩ ዳቦ ያመጣል»። ያ ሰው ዳቦ ይፈልጋል። የሚያመጣለትን ሹም ደግሞ መርጦ ሊሾም ነው ቀለም በጥብጦ የወጣው።